ስምህ ማን ነው?

ቆቦ ቆላ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታ፣ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራሮች፣ በስተምዕራብ የደጋውን ግድግዳ እየተመለከተች፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ታቅፋ ትኖራለች። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ፀሐይ ስትበረታ ሰውም ከብቱም ወደ ጥላ ይሸሻል። ኮምፒውተር ግን መሸሻ የለውም። በዚህች ከተማ ኮምፒውተር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ድምፅ ያስታውሳል፤ ማንም ምንም ሳያዝዘው፣ የማውሱ ቀስት ከስክሪኑ መካከል ደርቆ ቆሞ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለችው ፋን ብቻ እንደ ወፍጮ የምትጮኽበትን ድምፅ።

ይህን ጊዜ ተጠቃሚው «ስታክ አደረገ» ይላል። ባለሙያ ነኝ ባዩ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ይፈርዳል። አንዲት በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር እኅታችን ግን አንድ ቀትር ላይ «ይኼስ ዛር አለበት» አለችኝ። ስቄ አለፍኩ። ከሁላችንም ይልቅ ለእውነቱ የቀረበችው እሷ እንደነበረች የገባኝ ዘግይቶ፣ ያውም የማይመለስ ጥፋት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ይህን ለመተረክ አንባቢን ከቆቦ አርቄ ልወስድ ግድ ይለኛል፤ እንመለሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1867 ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል አንድ ፍጡር በሐሳቡ ፈጠረ። ጋዝ በሞላባቸው ሁለት ክፍሎች መካከል ካለች ትንሽ በር ላይ ቆሞ፣ ፈጣኖቹን ቅንጣቶች ወደ አንዱ፣ ዘገምተኞቹን ወደ ሌላው እየለየ የሚያሳልፍ፣ የማይደክምና የማይታይ በረኛ። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1874 ለዚህ በረኛ «ዲመን» የሚል ስም አወጣለት። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር፣ በ1963፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ፕሮጀክት ማክ በተባለው የምርምር ሥራ ውስጥ በፈርናንዶ ኮርባቶ ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች፣ አይቢኤም 7094 በተባለ ማሽን ላይ አዲስ ዓይነት ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። ማንም ከፊቱ ተቀምጦ የማያዝዘው፣ ከበስተጀርባ ሆኖ ያለ እረፍት የሚሠራ ፕሮግራም። የማክስዌልን በረኛ አስታወሱና ስሙን ተዋሱለት። ኮርባቶ ራሱ በስተርጅናው እንዳስረዳው፣ የመጀመሪያው ዲመን ሥራ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በራሱ ጊዜ ወደ ማግኔት ቴፕ እየገለበጠ ማስቀመጥ ነበር። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እኔን በኋላ ታሳፍረኛለች።

እንዲህ ያለ የማይታይ ሠራተኛ ሊኖር የቻለው አንድ ፕሮሰሰር ለብዙ ሥራ በተራ መዳረስ ስለ ጀመረ ነው። ይህንንም ኮርባቶና ባልደረቦቹ ከ1961 ጀምረው አሳይተው ነበር። ለራያ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ከደጋው የሚወርደውን የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ሲያጠጣ የኖረ ገበሬ፣ አንድ ውኃ ለብዙ ማሳ እንዴት እንደሚዳረስ ያውቃል። ፕሮሰሰርም በሴኮንድ ቁራጭ ውስጥ ለአንዱ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ለሌላው ይከፍታል። ሁሉም በየተራው ከጠጣ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ አያውቅም። ከላይ ያለው ማሳ ቦዩን ከፍቶ አልዘጋም ያለ ዕለት ግን የታችኛው ጠብታ ይቆጥራል። ክፋቱ፣ ባለቤቱ የሚያየው የደረቀውን የራሱን ማሳ ብቻ መሆኑ ነው። የምትጽፍበት ገጽ አልንቀሳቀስ ሲልህ የምትወቅሰው ገጹን ነው፤ ውኃውን የወሰደው ግን ሌላ ነው፤ ስሙንም አታውቀውም።

ዲመን የሚለው ቃል ሥሩ ግሪክ ነው። በጥንቱ ግሪክ ዳይሞን በአማልክትና በሰው መካከል የሚመላለስ ረቂቅ እንጂ የግድ ክፉ አልነበረም። ወንጌል ወደ ግእዝ ሲመለስ ጋኔን ተባለ፤ ለእኛም ክፋቱ ብቻ ቀረልን። ነገር ግን በአገራችን ከጋኔን ሌላ ዛር አለ፤ ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም። ጋኔን ይባረራል። ዛር ግን ይለመናል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ባለዛሮች ቤት ለወራት እየተመላለሰ ያየውን መዝግቧል። የታመመው ሰው «ፈረስ» ነው፤ ዛሩ ጋላቢ። ባለዛሯ ጋላቢውን አስቀድማ አታባርርም፤ ስሙን ትጠይቃለች። ስሙን ከተናገረ የሚሻውን ትጠይቃለች፤ ዶሮ ነውን? የዶሮው መልክስ ምን ይሁን? ሽቶ ነውን? ጌጥ ነውን? የሻው ሲሰጠው ይረጋጋል፤ ፈረሱም እፎይ ይላል። ወሎም ይህን ሥርዓት ከጎንደር ባላነሰ ያውቀዋል። ዛርን ላወድስ አይደለም ይህን ማለቴ፤ ቅደም ተከተሉን ለማሳየት ነው። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ፍላጎት፣ በመጨረሻ መስጠት ወይም መከልከል።

እኛ የኮምፒውተር ጠጋኞቹ የምናውቀው ግን ማባረርን ብቻ ነበር።

ኮምፒውተር በየወረዳው ከተማ የተዳረሰው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ በነገሠበት ዘመን ነው። ጽሕፈት ቤቶች፣ ፎቶ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ኢንተርኔት ቤቶች ሁሉ እሱን ይዘው ከረሙ። ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» እንለው ነበር፤ ዛሬም እንለዋለን። ስለዚህ «ሲፒዩው ጋለ» ሲባል ሳጥኑ ነው፣ በውስጡ ያለችው የጥፍር ታህል ቺፕ ናት የሚለውን የሚለይ አልነበረም። በቆላ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ፔንቲየም 4 የተባለው ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ሥራውን በየመሐሉ እያቋረጠ ያዘግማል። የራያ አቧራ ከፋኗ ሥር እንደ ጥጥ ተጋግሮ ሲገኝ፣ ማሽኑ ለተራ ሥራ እንኳ መቶ በመቶ የተጠመደ ይመስላል። ስንቱን ማሽን በቀለም ብሩሽ ብቻ «አድነናል»! ያን ጊዜ እንኳ ለምን እንደዳነ አናውቅም፤ ለባለቤቱ ግን ቫይረሱን አወጣንልህ እንለዋለን።

ብሩሽ ካልረዳ የሚቀረው ፎርማት ነው። የጥገናችን ታሪክ የፎርማት ታሪክ ነበር ብል አላጋነንኩም። ያለችውን ሲዲ አስገብቶ፣ የነበረውን ሁሉ ደምስሶ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ማሽኑ ሲነሣ በእርግጥም ይፈጥናል፤ ባለቤቱም ይመርቃል። ከሳምንታት በኋላ ያው ጩኸት ሲመለስ ግን ያው ሲዲ ይወጣል። ማን እንደጮኸ የጠየቀ አልነበረም።

መጠየቂያው ግን ከፊታችን ነበር። ታስክ ማኔጀር የተባለችው መስኮት ዴቭ ፕላመር በተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ ተጽፋ ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥታለች። ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት ሲጫኑ ብቅ ትላለች፤ በውስጧ የሚሠራውን እያንዳንዱን ፕሮግራም በስሙና በሚወስደው የፕሮሰሰር ድርሻ ትዘረዝራለች። እኔም መጀመሪያ የከፈትኳት ዕለት ሌባውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» የሚባል ነገር 97 በመቶውን ይዟል! ልዘጋው ታገልኩ፤ እምቢ አለኝ። የዚያ ስም ትርጉም ሥራ መፍታት መሆኑን፣ ቁጥሩም የሚያሳየው ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንዳረፈ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ባዶውን ማሳ ውኃ ወሰደ ብዬ ስከስስ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጀግንነቴ ሌላ መልክ ያዘ። ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ፤ የማላውቀው ስም ሁሉ ጠላት ነበር። አንድ ቀን የአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር እንዲሁ «አጽድቼ» ስሄድ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በልጅ አስጠሩኝ። ማሽኑ ፈጥኗል፤ አማርኛ ግን መጻፍ አልቻለም። ነገሩ እንዲህ ነው። የፊደላችን የኮምፒውተር መለያ ቁጥሮች በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት የአማርኛ መጻፊያና ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ጋር ያቀረበው ግን በ2007 ለገበያ ከዋለው ቪስታ ጀምሮ ነው። በኤክስፒ ላይ የምንጽፈው በፓወር ግእዝ፣ በቪዥዋል ግእዝና በመሰሎቻቸው ነበር። እነዚህም ከበስተጀርባ ተቀምጠው እያንዳንዷን የላቲን ቁልፍ አድፍጠው እየያዙ ወደ ሀሁ የሚመልሱ፣ በቃሉ ጥንታዊ ፍቺ ዲመኖች ናቸው። ለአንድ ትውልድ ያህል ማመልከቻው፣ የሠርግ ጥሪው፣ የሐዘን መግለጫው፣ ግጥሙም ሳይቀር በእነሱ እጅ አልፏል። እኔ አባረርኳቸው፤ ፊደሉም ዲዳ ሆነ።

ይህ ያስቃል። ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ኮምፒውተራቸው አላሠራ ብሏቸው አስጠሩኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸው ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ከሁለት ዓመት በላይ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ቃል እየሰበሰቡ የ77ቱን ድርቅ ይጽፉ ነበር። ዓለም ያንን ዘመን የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ባስተላለፈው ዘገባ ነው። ጋሼ የሚጽፉት ግን ካሜራ ያልደረሰበትን ነበር፤ ከየትኛው መንደር ማን እንደወጣ፣ በየትኛው መንገድ ዳር ማን እንደቀረ፣ ማን ማንን እንደቀበረ። ስም በስም።

ማሽኑ ይጮኻል። ታስክ ማኔጀርን ከፈትኩ። «ኤስቪሲሆስት» የሚባል ስም ፕሮሰሰሩን በሙሉ ይዞታል። ዘጋሁት፤ ተመልሶ ተነሣ። ከላይ ከታች የዚሁ ስም ሌሎች አምስት ስድስት አሉ። ይህንን እንደ ቫይረስ ማረጋገጫ ወሰድኩት። እንግዲህ ኤስቪሲሆስት ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ያለ፣ ብዙ አገልግሎቶችን በአንድ ስም አዝሎ የሚዞር የዊንዶውስ ራሱ አካል ነው፤ በወንጌል ስሙን ሲጠየቅ ብዙ መሆኑን እንደተናገረው ማለት ነው። እኔ ግን አልጠየቅሁም። «ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ዲ ላይ ነው ያለው?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ» አሉኝ። ዲ ምን እንደሆነ እንዳላወቁ፣ ያሳፈረኝ ቢመስላቸው ብለው አዎ እንዳሉኝ አሁን አውቃለሁ። ከፍቼ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሲን ፎርማት አደረግሁ። ጽሑፉ የነበረው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ውስጥ ነው።

ታትሞ በእጃቸው የነበረው አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። አልተቆጡኝም። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ከነገሩኝ ሰዎች ግማሾቹ የሉም እኮ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ምልክት በሌላ ማሽን ላይ ታየ፤ ይህን ጊዜ ሲዲዋን ለማውጣት እጄ ፈራ። ስሙን ለመጠየቅ ተቀመጥኩ። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «ታስክሊስት ስላሽ ኤስቪሲ» ብሎ በላቲን መጻፍ እያንዳንዱ ኤስቪሲሆስት ማንን አዝሎ እንደሚዞር ይዘረዝራል። ማርክ ሩሲኖቪች የደረሰው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የተባለ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል፤ በፍላሽ ይዤው ነበር። ከታዘሉት አገልግሎቶች አንዱን እያስቆምኩ ቁጥሩን አየሁ። «ኦቶማቲክ አፕዴትስ» የተባለውን ሳስቆም ከመቶ ወደ ሁለት በመቶ ወረደ። መልሼ ሳስነሣው ወደ መቶ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ስሙን ተናገረ።

ምን ይሻ ነበር? ያ ወቅት በዓለም ዙሪያ ስንት የኤክስፒ ማሽን በዚሁ ጩኸት የተያዘበት ነበር። ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በተከታታይ የሚያወጣው ማሻሻያ የቀደመውን ይተካል፤ የቀደመውም ከእሱ በፊት የነበረውን ተክቷል። ማሽኑ የትኛው ማሻሻያ እንደጎደለው ሲፈትሽ ይህን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ የቆጠራው ዘዴ ደግሞ በሐረጉ ላይ አንድ ትውልድ በተጨመረ ቁጥር ሥራውን እጥፍ የሚያደርግ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሐረጉ ረዝሞ ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት ይይዘው ጀመር። እንግዲህ በአዛውንቱ ኮምፒውተር ውስጥ የጮኸው ጠላት አልነበረም። የጎደለውን ማሻሻያ የሚፈልግ ታማኝ ሎሌ ነበር፤ ትውልድ ሲቆጥር የጠፋበት።

መድኃኒቱ ለዛር ከሚሰጠው አልተለየም። የመጨረሻውን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ማሻሻያ፣ ጥቂት ሜጋባይት የምትሆን ፋይል፣ በእጅ መጫን ነው። እሷ ከገባች የቀደሙት ሁሉ መቆጠራቸው ይቀራል። አገልግሎቱን አስቁሜ፣ ከወልድያ በፍላሽ ያመጣኋትን ፋይል ጫንኩ፤ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁ፤ አገልግሎቱን መልሼ ከፈትኩ። ጥቂት አጉረመረመና ዝም አለ። ማይክሮሶፍትም በጥር 2006 ዓ.ም. ከራሱ ወገን የተረሱትን የሐረጉን አባላት ሰርዞ ችግሩን አስወገደ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ለኤክስፒ የሚሰጠው ድጋፍ አበቃ። የእኔ እውቀት የመጣው በሽታው ሊጠፋ ሲል ነው።

ጋኔን የለም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የተነሣው ኮንፊከር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዘለለ፣ ማሽኑ ራሱን እንዳያሻሽል አስቀድሞ አፉን እየዘጋ በሚሊዮን የሚቆጠር ኮምፒውተር ይዟል። ከመስከረም 2017 እስከ መጋቢት 2019 ይሠራ የነበረው ኮይንሃይቭ ደግሞ አንድ ድረ ገጽ ስትከፍት በአንተ መብራትና በአንተ ፕሮሰሰር ለሌላ ሰው የዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ነበር። እነዚህ የሚለመኑ አይደሉም፤ ይባረራሉ። ቢሆንም ለማባረርም ስም ያስፈልጋል።

ጋሼ ወደ ኮምፒውተር አልተመለሱም። በሉክ ደብተር ላይ እንደገና ጀመሩ፤ በሕይወት ያሉትን ዳግመኛ እየጠየቁ፣ የሞቱትን ከትዝታቸው እየጻፉ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ፤ በሰሜን ወሎ የስንት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከነፋይሉ ተዘረፈ፣ ተሰበረ። ደብተሮቹ ግን በእህል ጎተራ ውስጥ ከረሙ።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጃቸው ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የደብተሮቹን ገጽ ሁሉ በስልኳ ፎቶ አንስታ ገልብጣበታለች፤ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ማሽኑ ይጮኻል፣ ይግላል። «ፎርማት ይደረግ እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ። ጋሼ የምትለው አሁን እኔን ነው። ታስክ ማኔጀርን ከፈትኩና የፕሮሰሰሩን ዓምድ ተጫንኩ፤ ትልቁ ከላይ ወጣ። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» ይላል፤ የዊንዶውስ የራሱ ጠባቂ ነው፤ አዲስ የገባውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ ይፈትሻል።

«ምን እያደረገ ነው?» አለችኝ።

«የአያትሽን ጽሑፍ እያገላበጠ ነው፤ ተዪው ይጨርስ።»

ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ሳይቀዳ ፋኗ ዝም አለች። እኔም ሁለት ፍላሽ ከኪሴ አወጣሁ፤ መገልበጥ ጀመርኩ።